ዶሮና ድመት በአንድ ግቢ፦ ተሳስተን የተማርነው

ለፋሲካ ዶሮ ማድረስ የሚፈልግ ሰው የ45 ቀን ጫጩት የሚያስገባው ዓቢይ ጾም መያዣው ላይ ነው። 55ቱ የጾም ቀን ሲደመርበት ዶሮው መቶ ቀን ይሞላዋል፤ ለገበያ የሚበቃውም ያኔ ነው። ስሌቱ ልክ ነው። ድመቶቹም የራሳቸው ስሌት እንዳላቸው ግን አላሰብንም። ቅበላ ሲያልፍ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ የየቤቱ ትርፍራፊ ሽሮና ምስር ይሆናል። ከሥጋ ቤት ጓሮ ጅማትና አጥንት ለምደው የከረሙት ባለቤት አልባ ድመቶች ግን አይጾሙም። እኛ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ እናት የሌለው፣ መሸሽ ያልለመደ ጫጩት ልክ በዚያው ሳምንት እናቀርብላቸዋለን።

አለም ገና ዳር ባለው ግቢያችን ሳሶ ከሚባለው የውጭ ዝርያ 60 ጫጩት አስገብተን ጾሙ ሳይጋመስ 14ቱን አጣን። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት የሠራነውን፣ ያፈረስነውንና እንደገና የሠራነውን ነው የምጽፈው። አብዛኛው ገንዘብ የወጣው በስህተት ስለሆነ ስህተቱን አላድበሰብስም።

የመጀመሪያው ስህተት ሌባውን ሳይለዩ መፍረድ ነው። ዶሮ ጠፋ ሲባል ሽማግሌው "ሸለምጥማጥ ነው" ይላል፣ ልጁ "ድመቷ ናት" ይላል፣ ማንም መሬቱን አያይም። የጠፋበትን ሰዓትና የተረፈውን ነገር ተመልከቱ። ጠራራ ፀሐይ ላይ አንዲት ጫጩት ከሜዳው ያለ ዱካ ከተሰወረች ጭልፊትን ጠርጥሩ። ድመት የምትወደው ሰዓት ሌላ ነው፤ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ከዚያም ሊነጋጋ ሲል ከ10 እስከ 12። ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ይዛ ትሄዳለች። አጥር ጥግ ወይም ጭድ ክምር ሥር ሥጋውን በልታ ክንፉን፣ ቆዳውንና ላባውን ትተወዋለች። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ትመለሳለች። በአንድ ሌሊት ስድስት ሰባት ዶሮ አንገቱን ተነክሶ ሳይበላ ተዘርሮ ካደረ ግን ነገሩ ከድመት በላይ ነው፤ ሸለምጥማጥ ወይም ውሻ ገብቷል። ጭንቅላቱ የጠፋ ዶሮ ሽቦው ሥር ወድቆ ካገኛችሁ እንስሳው ቤቱ ውስጥ አልገባም፤ በቀዳዳው እጁን ሰዶ ነው የጎተተው። እንቁላል እየጎደለ፣ የአንድ ቀን ጫጩቶችም ወደ ጉድጓድ እየተጎተቱ ከሆነ ደግሞ አይጠ መጎጥ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ማታ በሩና ግድግዳው ሥር የተነፋ አመድ በስሱ ነስንሱ። የድመት ዱካ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ አራት ጣት ያለውና የጥፍር ምልክት የማይታይበት። የውሻ ዱካ ረዘም ይላል፣ ጥፍሩም መሬት ላይ ይታተማል። ይህን ያደረግነው 14 ዶሮ ካጣን በኋላ ነው። አንድ ጣሳ አመድ ግን ምንም አያስወጣም ነበር። አመዱ የነገረንም ሌላ ነገር ነበር፤ በሩ ላይ ምንም ዱካ አልነበረም። ድመቷ የምትገባው በላይ በኩል ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይከተላል። ዶሮ ቤታችን እንደ ብዙው ሰው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። በግድግዳው ጫፍና በጣሪያው መካከል ለአየር የተተወ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት አለ። ለድመት ይህ በር ነው። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል፤ ለትልቅ ድመት 8 ሴንቲ ሜትር፣ ለልጇ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ክፍቱን በማዳበሪያ ከረጢትና በላስቲክ ጠቀጠቅነው። ድመቷ ጥቂት ቀን ቆይታ ከረጢቱን በጥፍሯ ቀደደችው። ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ራሱ ዶሮዎቹን መጉዳት ጀምሮ ነበር። አየሩ ሲታፈን ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ መውጫ ያጣል። ጠዋት በር ስትከፍቱ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ ለዶሮዋ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያው ነው። ማስነጠስ፣ የዓይን ማበጥ፣ ሲተነፍሱ ማንኮራፋት መጣ። እኛ ጉንፋን ነው ብለን መድኃኒት ስንገዛ ከረምን። ከረጢቱን ስናነሳና ሰጋቱራውን ስንቀይር ለቀቃቸው። ቀዳዳው ይሸፈን፣ ግን አየር በሚያሳልፍ ሽቦ ይሁን።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ድመቶቹን ማጥፋት። በሰፈራችን የተለመደው መላ ድመትን በኬሻ አስሮ ራቅ አድርጎ መጣል ነው። አራት ይዘን ጣልን። አንዷ በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ አጥሩ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። የሌሎቹን ቦታ ደግሞ ወር ሳይሞላ ከወዲያ ማዶ የመጡ ሦስት ያዙት፣ አንዷም እርጉዝ ነበረች። ድመት በየአካባቢው ድንበር ይዛ ነው የምትኖረው፤ ባለድንበሯ ስትነሳ ምግቡና መጠለያው እስካለ ድረስ ሌላዋ ትገባበታለች። አዲሷ ደግሞ ግቢውን የማታውቅ፣ የተራበችና የባሰች ደፋር ናት።

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤት ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ አጥሩ ሥር አስቀመጠ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ የምላችሁ ለድመቷ በማዘን ብቻ አይደለም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ እንስሳውን የሚገድለው ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ የተመረዘው እንስሳ እየተንገዳገደ የትም ይደርሳል፣ የበላውም ይመረዛል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። ዶሮ መሬት ላይ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች፤ ድመቷ ያስታወከችውን ጭምር። የሰፈሩ ሁለት ውሾች ሞቱ፣ የእኛም ሦስት ዶሮዎች አብረው ሄዱ። ጥንብ አንሳ በአፍሪካ እየተመናመነ ካለበት ዋና ምክንያት አንዱ እንዲህ ያለ የመርዝ ሥጋ ነው።

ከዚያ አይጡ መጣ። ድመት ትልቁን አይጠ መጎጥ ብዙም አትደፍረውም፣ ትንንሹንና ጎረምሳውን ግን ትለቅማለች፤ እሷ ስትጠፋ የሚፈለፈለው ሁሉ ያድጋል። አንድ አይጠ መጎጥ በቀን 25 ግራም ያህል መኖ ይበላል። እንቁላል ጣይ ዶሮ 120 ግራም ትበላለች። አምስት አይጥ ማለት እንግዲህ አንዲት የማትጥል ዶሮ መቀለብ ነው፤ ያውም የበላውን ያህል በሽንቱና በፋንድያው የሚያበላሽ። በሁለት ወር ውስጥ አይጡ ድመቷ ወስዳው ከማታውቀው በላይ ወሰደብን። እዚህ ላይ ነው ሐሳባችን የተገለበጠው። ድመት ከግቢው አትጠፋም፤ ሥራችን ዶሮ ቤቱን መዝጋትና ግቢው ውስጥ የምትኖረው ድመት ማን እንደምትሆን መምረጥ ነው።

ስለ ቤቱ ላርዝም፤ ትርፉ ያለው እዚህ ነው። ከሃርድዌር ሱቅ የሚገዛው ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል እንጂ ሌባን ከመግባት አያግድም። ቀጭን ነው፣ ይዝጋል፣ ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነው ቀዳዳው ደግሞ የድመት እጅ ያለ ችግር ይገባል። የምትፈልጉት ቀዳዳው አራት ማዕዘን የሆነና መገናኛው የተበየደ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ድመትንም አይጠ መጎጥንም ያግዳል። ዋጋው ይወደዳል፣ ስለዚህ ሁሉንም ግድግዳ በዚህ አትሸፍኑ። ከመሬት እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያለው ክፍል በላሜራ፣ በጣውላ ወይም በብሎኬት ይደፈን፤ ዶሮ ወለል ላይ ስትተኛ የድመት እጅ የሚደርሳት እዚያ ነው፣ ነፋሱም በቀጥታ አይመታትም። ጥሩውን ወንፊት ለመስኮቱና ለጣሪያው ሥር ክፍት ቆጥቡት።

አሰካኩም ቁም ነገር አለው። ሽቦውን በምስማር መትቶ ማጠፍ አይበቃም፤ ድመት እየገፋች የላላውን ጥግ ታገኘዋለች። ሽቦው ሞራሌው ላይ ከውጭ በኩል ይለጠፍ፤ ከውጭ ስትገፋው እንጨቱ ላይ ይጫናል እንጂ አይነቀልም። በላዩ ቀጭን የጣውላ ዘንግ ተደርቦ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በብሎን ይጠበቅ። የጣሪያውን ሥር ስትሠሩ ወንፊቱን ከግድግዳው ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች አውርዱትና ከላይ ከጣሪያው እንጨት ጋር እሰሩት። ከቆርቆሮው ጋር አትሰሩት፤ ቆርቆሮ በቀን ይሞቃል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እየተሳሳበ ማሰሪያውን ያላላዋል።

ከሥር በኩል ድመት እምብዛም አትቆፍርም፤ ውሻና አይጥ ግን ይቆፍራሉ። የድንጋይ መሠረት ከሌላችሁ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሽቦ ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ መሬት ላይ ዘርግታችሁ በድንጋይና በአፈር ሸፍኑት። ቀጥ አድርጎ ከመቅበር ይህ ይቀላል፤ ቆፋሪው መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው ጥግ ስለሆነ ወዲያው ሽቦ ያጋጥመዋል።

በሩን አትናቁ። የባሕር ዛፍ ጣውላ በር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል። ነሐሴ ላይ ልክ የነበረው በር የካቲት ላይ ታችኛው ጥጉ አራት ጣት ያስገባል፤ የካቲት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጾም የሚያዝበት ወር ነው። አንድ መቀርቀሪያ መሐሉ ላይ ብቻ ከሆነ ታችኛው ጥግ ሲገፋ ይከፈታል፣ ስለዚህ ከላይና ከታች ሁለት ይሁን። ቆጡን ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፣ ከሽቦው ደግሞ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ስፍራ ይበቃል። ዶሮ በጨለማ አታይም። ድመቷ ገብታ ባትነካቸው እንኳ ደንግጠው አንድ ጥግ ላይ ሲነባበሩ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። እኛ ከጠፉት 14ቱ አራቱን ያገኘነው እንዲህ ሞተው ነው፤ አንድም ጭረት አልነበረባቸውም።

ሁሉም ሲያልቅ እኩለ ቀን ላይ ገብታችሁ በሩን ከውስጥ ዝጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ። ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት አድርጉ። ሁለት ጣት የሚያስገባ ሁሉ ሥራ ይቀረዋል።

የአንድ ቀን ጫጩት ለሚያስገባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ይቀንሳል። የእኛ አገር ሌሊት ብርድ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ሞቃቱ ቦታ ያ ብቻ ነው፤ ድመቷ ጫጩት ባትፈልግ እንኳ ሙቀቱን ፈልጋ ትመጣለች። አምፖሉ በራሱ ገመድ ብቻ ከተንጠለጠለ ስትዘልበት ሰጋቱራው ላይ ይወድቅና እሳት ይነሳል። በሰንሰለት ወይም በወፍራም ሽቦ እሰሩት፣ የጫጩቱንም ሳጥን በወንፊት ክደኑ። መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃ የምታስገቡ ከሆነ ምድጃውን በሽቦ ክበቡት፤ ጭሱ የሚወጣበትም ይኑር።

የአበሻ ዶሮ ጫጩት ታቅፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሷ ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ጎረምሳ ድመት አጥር ሲዘል አይቻለሁ። ሳሶም ሆነ ቦቫንስ የሚባለው እንቁላል ጣይ ዝርያ በማሽን ተፈልፍሎ ያደገ ይህን ያስተማረው እናት የለውም።

ከድመት አፍ የተረፈች ዶሮ ካለች ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ አትዘናጉ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ላዩ ይደፈናል፣ ውስጡ ይመግላል። አፏ ውስጥ ያለው ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከገባ ዶሮዋ በአንድ ሁለት ቀን ልትሞት ትችላለች። ላባውን ከቁስሉ ዙሪያ ንጩ። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በትናችሁ ደጋግማችሁ እጠቡና አዮዲን ቀቡት። ከሌሎቹ ለይታችሁ ጨለም ያለ ሣጥን ውስጥ አኑሯት፤ ዶሮ ደም ካየች ባልንጀራዋን ትወቅራለች። አንቲባዮቲኩን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ። መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሏንም ሥጋዋንም አትብሉ፣ አትሽጡ።

አሁን ወደ ድመቷ ልመለስ። ድመት የምታረግዘው ከ63 እስከ 65 ቀን ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ትወልዳለች፣ እያጠባችም ልትፀንስ ትችላለች። ጥር ላይ የተወለደችው ልጇ ሰኔ ላይ ራሷ ልታረግዝ ትችላለች። እንግዲህ እየያዙ መጣል ማለት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። የሚሠራው ሴቷን ማስመከን፣ ወንዱን ማኮላሸትና እዚያው ግቢ መመለስ ነው። የመከነችው ድመት ድንበሯን ይዛ ትኖራለች፣ አይጥ ትይዛለች፣ አትወልድም። የተኮላሸው ወንድም ሌሊት መጮኹና መደባደቡ ይቀንሳል፣ ሽንቱንም እንደ ድሮው በየግድግዳው አይረጭም።

አያያዟ በእጅ አይደለም፤ ያልለመደች ድመት ሥጋ በጥሳ ነው የምታልፈው። እኛ ብየዳ ቤት ያሠራነው ወጥመድ ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ክፈፉ የባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ግድግዳው ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ወንፊት። ከኋላው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚረገጥ ላሜራ አለ፤ ሲረገጥ ዘንጉን ይለቅና በሩ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የመጀመሪያው ወጥመዳችን በሩ ላይ መያዣ አልነበረውም፣ ድመቷም በአፍንጫዋ አንስታው ወጣች። አንዴ ያመለጠች ድመት ሁለተኛ ለመግባት ወራት ይፈጅባታል። ስለዚህ በሩ ሲወርድ የሚቀረቅረው ምላስ ይኑረው።

ወጥመዱን እንዳመጣችሁ አታጥምዱት። በሩን ወደ ላይ አስራችሁ ለአራት አምስት ቀን ውስጡ መግቧት፤ በመጀመሪያ በሩ አጠገብ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ በመጨረሻ ከላሜራው ኋላ። ሽቦው መዳፏን እንዳይቆረቁራት ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፉ። ከማጥመዳችሁ በፊት ለአንድ ቀን ምግብ ከልክሏት፣ ማታ ላይ ሰርዲን አስቀምጡና በየሰዓቱ እዩት። በሩ እንደወረደ ወጥመዱን በኬሻ ሸፍኑት፤ ጨለማ ሲሆን ወዲያው ትረጋጋለች። ፀሐይ ላይ ወይም ውሻ አጠገብ አታሳድሯት።

ሐኪሙን አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ድመት ይዞ ሐኪም መፈለግ ለእሷም ለእናንተም ስቃይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ትልቋ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳትበላ ትቆያለች፤ ትንሽ ግልገል ግን ይህን ያህል መራብ የለባትም። በዚያው ማደንዘዣ ሦስት ነገር አስጨርሱ፤ ማምከኑን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን፣ ከግራ ጆሮዋ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማስቆረጡን። የጆሮው ምልክት ባይኖር ከዓመት በኋላ ያችኑ ድመት ዳግም ይዛችሁ ሆዷን ታስከፍታላችሁ። ወንዱን በማግስቱ፣ ሴቷን ከአንድ እስከ ሁለት ቀን አቆይታችሁ የያዛችሁበት ቦታ ልቀቁ። ጡቷ ያበጠና ዙሪያው ፀጉር የሌለው ከሆነ የምታጠባቸው ልጆች አንድ ቦታ ተደብቀዋል፤ ጭድ ክምሩንና ጣሪያውን ፈልጉ። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል "አልሠራም" ብላችሁ አትፍረዱ።

በግ ወይም ፍየል ላላችሁ ደግሞ ይህን ልጨምር። ድመት የበግ ወይም የፍየል ግልገል አትገድልም፤ ግልገል ከተወሰደ ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ጅብ ፈልጉ። ድመት በጎችን የምትጎዳው በሰገራዋ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተዋሲ አለ፤ መራቢያው የድመት አንጀት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች ድመት፣ ብዙ ጊዜም ማደን የጀመረች የድመት ልጅ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ በሰገራዋ ታወጣዋለች። ከሰገራው የወጣው ከ1 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ የሚያሲዝ ይሆናል፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ደግሞ ከዓመት በላይ ይቆያል። ያረገዘች በግ ከጭዱ ወይም ከፉርሽካው ጋር ስትበላው ታስወርዳለች፣ ወይም ደካማ ግልገል ትወልዳለች። ላም ብዙም አይነካትም።

ትልቅ ድመት አንዴ ተይዛ ካለፈች በኋላ ብዙውን ጊዜ ደግማ አታወጣውም፤ አደጋው ከድመት ልጆቹ ነው። ማስመከኑ ለበጎቹም የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ የድመት ልጅ የማይወለድበት ግቢ አደጋው ያነሰ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ይግባ። ጭድ ክምሩ በሸራ ይሸፈን፤ ለእርጉዞቹ ስትሰጡ ላይ ላዩን አንስታችሁ ከውስጥ ስጡ። ያስወረደችውን በግ ለማረድ አትቸኩሉ፤ ምክንያቱ ቶክሶፕላዝማ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው እርግዝና ደህና ትወልዳለች። ነገር ግን ውርጃ ሌላም ምክንያት አለው፤ ከነዚህ አንዱ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ነው፣ እሱም ወደ ሰው ይተላለፋል። የወረደውንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለድመትና ለውሻ አትተዉ፤ ሐኪም ካየው በኋላ ጥልቅ ቅበሩት። ቶክሶፕላዝማ ሰውንም ስለሚይዝ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች የበረቱን ሥራና የጓሮውን ጎመን ኩትኳቶ ሌላ ሰው ይሥራላት። እስክትወልድ ከጥሬ ሥጋ ትቆጠብ፣ ወተትም ይፈላላት።

ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ "ትንሽ ናት" ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ድመቷ ከታወቀች ሳትገደል ለ10 ቀን ተይዛ ትታይ። ያለ ወትሮዋ ሰው ላይ የምትዘል፣ ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ የኋላ እግሯን የምትጎትት ድመት ካያችሁ ልጆቹን አስገቡ፣ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

ከመፍትሔዎቹ መካከል ብዙ የሚወራለት አጥር ላይ በርበሬ መነስነስ ነው። ዶሮዎቹን አይጎዳም፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። ድመቷንም ጤዛ እስኪያጥበው ድረስ ያስነጥሳታል። በበርበሬ ዋጋ ግን ወንፊት ይገዛል። የቀጋ እሾህ ለተዘራ መደብ ይሻላል፤ አፈሩን እንዳትጭርበት ያግዳታል።

የመከኑትን ሁለት ድመቶች አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ከዶሮ ቤቱ በጣም ርቀን እንመግባለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ይነሳል፤ ካደረ የማዶዎቹን ይጠራል። ጥሬ የዶሮ አንጀት አንሰጥም፣ የሚሰጥ ካለም ተቀቅሎ ነው። ለምደዋል፣ እግር ሥር ይተሻሻሉ፣ ከትልልቆቹ ዶሮዎች ጋር በአንድ ጥላ ይተኛሉ። ሆኖም ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳምና ጫጩት ቤቱ ዛሬም ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይቆለፋል።

ሰፈሩ ውስጥ ድመት የሚጠራው ዋናው ነገር የበዓል ዋዜማ ነው። ላባ፣ አንጀትና ጭንቅላት በፌስታል ታስሮ አጥር ጀርባ ሲጣል በማግስቱ የማታውቋቸው ድመቶች ይመጣሉ። በፈንግል የሞተ ዶሮ ከተጣለ ደግሞ ድመትና ውሻ እየጎተቱ ከግቢ ግቢ ያዳርሱታል። ጎረቤታችን እትዬ "እኔ ለነፍስ ብዬ ነው የምጥልላቸው" ሲሉ አልተከራከርናቸውም። የእሳቸውንም አንጀት ከእኛው ጉድጓድ እንጨምርላቸዋለን ብለን ባልዲ ሰጠናቸው። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ አመድ ይነሰነስበታል፣ አፈር ይመለስበታል፣ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫናል። ከስቅለት በፊት ቆፍራችሁ አስቀምጡት። ሲሰግድ የዋለ ሰው ቅዳሜ ሌሊት አፈር አይቆፍርም።